የመርከቧ ፊልም መጨረሻ እና ሌላው ያልተረጎምኩልህ ነገር

ለአባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን በደንብ አስበናል። ሰዉ መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ አንተን አመሰገነ፤ ከአንተ ይልቅ ደግሞ እኔን አመሰገነ። አባቷን እንዲህ ያስታመመች ልጅ አላየንም አሉ። ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ስትል፣ ስታስተረጉምለት፣ ሥራዋን ትታ አጠገቡ ስትውል አሉ። እኔ ሳህን የማነሣ መስዬ ሁለት ጊዜ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩ። ይህን ደብዳቤ ያኔ መጻፍ ነበረብኝ፤ ፈራሁ። አሁንም የምጽፈው ደፍሬ ሳይሆን እማዬ አዝዛኝ ነው። እንዴት እንዳዘዘችኝ ኋላ ላይ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፤ ወሬ ሳትሰማ ቁም ነገር መስማት አትወድም ነበርና። የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ አራት ዓመት ሙሉ የጨቀጨቅከውን የመኝታ ቤት መስኮት አንተ በሄድክ በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ ሠራው። ሠራተኛው ቅሬታ ያቀረቡት ሰውዬ ይፈርሙልኝ ሲል እማዬ መሣቅም ማልቀስም አቃታት። ሳሎን የተተከለልህን የሆስፒታል አልጋ ሁለት ሰዎች መጥተው ፈታተው ወሰዱት። አራቱ እግሮቹ ምንጣፉ ላይ የሠሩት ጉድጓድ ግን አልጠፋም፤ እማዬ ስታጸዳ ዙሪያውን እየዞረች ታልፈዋለች። ከታች ያለው ጸጉር ቤት ተዘግቶ ስልክ መጠገኛ ሆኗል። ፎቅ ላይ ያሉት ጃማይካዊት እናት አሁንም ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ሼፍ እንዴት ነው?» ብለው ይጀምሩና ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ይይዛሉ። ቢላዎችህ በፎጣ እንደተጠቀለሉ መሳቢያው ውስጥ ናቸው። እኔ በሽንኩርት ቢላ ዳቦ እቆርጣለሁ፤ ብታይ ቀኑን ሙሉ ታኮርፈኝ ነበር።

እማዬ ደህና ናት። ዓይኗ ብቻ ነው፤ እሱም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስለሚያያዝ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ፊልሙ።

ሁልጊዜ «የመርከቧ ፊልም» ነበር የምትለው። የእንግሊዝኛ ስሙን ስትጠራ አንድም ቀን አልሰማሁም፤ እኔም እዚህ አልጽፈውም፤ በቤታችን ስሙ ያ ነበር። ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ ወጥ ሠሪ በነበርክበት ጊዜ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ግቢው ውስጥ ነጭ አንሶላ ተወጥሮ ፊልም ይታይላችሁ ነበር። ስታወራው ከመስማቴ ብዛት እኔም አብሬህ ያየሁት ይመስለኛል። ነፋሱ ከባሕር ሲመጣ አንሶላው ይነፋና የፊልሙ ካፒቴን ሆድ የእርጉዝ ሆድ ያህላል፤ ነፋሱ ሲያርፍ ካፒቴኑ ይከሳል። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ የበታች ሹም ፊት ለፊት ቆሞ በትልቅ ድምፅ ያስተረጉማል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። የጦርነት ጊዜ ታሪክ ነው፤ ጦርነቱ ግን እምብዛም አይታይም። አንዲት አሮጌ መርከብ ለጦር መርከቦች ድንችና ከሰል ታመላልሳለች። መድፍ አላት፤ ተኩሳ አታውቅም።

አንተ የወደድከው የመርከቧን ወጥ ሠሪ ነው። «የሥራ ባልደረባዬ» ነበር የምትለው። ወፍራም፣ ሁልጊዜ የሚያልበው፣ ሾርባው ለማንም የማይጥም ሰው ነው። ካፒቴኑ በየቀኑ ሳህኑን ይመልስበታል፤ እሱ በየቀኑ ያንኑ ሾርባ ይሠራል። ከደንብ ውጪ አንዲት ዶሮ ወጥ ቤቱ ውስጥ ደብቋል። ትልቁ አዛዥ መርከቧን ሊጎበኝ ሲመጣ ዶሮዋ መጮኽ ትጀምራለች፤ ያኔ የተሰለፉት መርከበኞች ሁሉ ድምፅዋን ለመሸፈን በአንድ ላይ ይስላሉ። ለአንተ በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ቀልድ አልተፈጠረም። ቤተ ክርስቲያን ሰባኪው ስብከቱን ሲያስረዝም ቀስ ብለህ ታስላለህ፤ እኔና እማዬ ሣቃችንን ለመዋጥ ወለል ወለሉን እናያለን።

መጨረሻውን ግን አላየህም። ወጥ ሠሪው ገና በሕይወት ሳለ፣ የመጨረሻው የፊልም ጥቅል ሊዞር ሲል ጄኔሬተሩ ቆመ። በማግሥቱ ወደ ባሕር ወጣችሁ፤ ስትመለሱ ፊልሙ ወደ መጣበት ሄዷል። ከዚያ በኋላ አገሩ ተገለባበጠ። በባሕር ወጥተህ፣ በየመን አድርገህ፣ ለንደን ገባህ፤ እኛን አስመጣህ፤ ሃርልስደን ቤት ተሰጠን፤ አንተ ሆቴል ገብተህ ድስት ታጥብ ጀመርክ። በዚህ ሁሉ መሐል ያ ሰውዬ ምን ሆነ የሚለው ነገር ከሐሳብህ አልወጣም። እማዬ ስንቱን ጥሎ የመጣ ሰው የፊልም መጨረሻ ያሳስበዋል ወይ ስትልህ፣ የሌላውን ሁሉ መጨረሻ አውቄዋለሁ ትላት ነበር።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እሁድ ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሰን ምሳ በልተናል። ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሊወስድህ ሲል ያቺ መርከብ ጭሷን እየተፋች ቴሌቪዥን ላይ ብቅ አለች። ጫማ ሳታደርግ በካልሲህ ተነሥተህ ቆምክ። እማዬን ጠራህ፤ እኔን ምንጣፉ ላይ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጥክና «በይ ትርጁማኔ» አልከኝ። ይህ ስም ቀድሞም ነበረኝ። ከካውንስል፣ ከሰፈሩ ሐኪም፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ አንብቤ የምነግራችሁ እኔ ነበርኩ። የአንተ እንግሊዝኛ የመርከብ ትእዛዝና የወጥ ቤት እንግሊዝኛ ነበር። ከዚያ ውጪ ሰው ፈጠን ብሎ ሲናገርህ ፊትህ ላይ አንድ ፈገግታ ይመጣል፤ ምንም እንዳልገባህ የሚያሳብቅ ፈገግታ። እኔ ያን ፈገግታ እጠላው ነበር። መርከብ ሙሉ ሰው ያበላውን አባቴን ልጅ ያደርገዋል።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጥፎ ትርጁማን ነበርኩ። ጓደኞቼ ውጪ ይጫወታሉ፣ እኔ ተሰላችቻለሁ። ካፒቴኑ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሲለፈልፍ «ተናደደ» እላለሁ። አንተ «ይህን ሁሉ አውርቶ ተናደደ ብቻ?» ትላለህ። «በጣም ተናደደ» እላለሁ። የዶሮዋንም ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ፊልሙ ውስጥ ስም የላትም። አንተ ደግሞ በበኩልህ ወጥ ሠሪውን ታርመዋለህ። ማዕበል ሲነሣ ሳህን እንዳይንሸራተት የጠረጴዛ ልብሱ በውኃ ይረጥባል፣ ይሄ ሰውዬ አላረጠበም አልክ። ድስቱን ካላሰረው ይገለበጥበታል አልክ፤ እውነትም ተገለበጠበት፤ ለእማዬ «አላልኩም?» ያልክበት ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ከዚያ ጉሙ መጣ። ሌላ መርከብ ተመትታ ባሕር ውስጥ የወደቁ ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ይጮኻሉ። ወጥ ሠሪው ከሁለት መርከበኞች ጋር በትንሽ ጀልባ ወረደ፤ ጀልባዋ ጉሙ ውስጥ ገባች፤ ሌላ ምንም አይታይም፤ የመርከቧ ጡሩምባ ብቻ ይጮኻል። በማግሥቱ ጠዋት መርከበኞቹ ምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ካፒቴኑ የደንብ ልብሱ ላይ የወጥ ሠሪውን ሽርጥ አስሮ ገባ። ሾርባውን በገዛ እጁ ቀዳላቸው፤ ጥቂት ቃል ተናገረ። እነሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ይበላሉ።

«ምን አለ?» አልከኝ።

ካፒቴኑ ያለው፣ ጀልባዋ አትመለስም፣ ዛሬ ሾርባው አይጥምም የሚል ሰው እንዳልሰማ፣ ነበር። ገብቶኝ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ለዚህ ይበቃል። ዞሬ አየሁህ። እጆችህን ጉልበቶችህ መሐል ከትተህ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለህ፣ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅከውን ነገር ከእኔ አፍ ትጠብቃለህ። ፈቃድ ተሰጥቶት አገሩ ገብቷል ነው የሚለው አልኩህ። ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ አልከኝ። ደስ ብሏቸው ነው አልኩ፤ ያ በቂ ስላልመሰለኝ፣ ሾርባውም ያቃጥላል ብዬ ጨመርኩበት።

አጨበጨብክ። እማዬን አቅፈህ ግንባሯን ሳምካት። ከዚያ በኋላ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ አጠገብህ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ያንን ፊልም ታወራለህ። ሰሚው ይሞታል ብሎ ሲጠብቅ አንተ እጅህን ከፍ አድርገህ «ፈቃድ! ፈቃድ አገኘ!» ትላለህ። እዚያ ስትደርስ እኔ ውኃ ላምጣ ብዬ እነሣለሁ። ማንም አልተጎዳም ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። ግን የአንተን ፊት መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያን እሁድ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ አንተ የሚመጣ መጥፎ ነገር ሁሉ በእኔ በኩል ሲያልፍ አንድ ነገር ይቆረጥለታል። ሥራ የከለከሉህ ቀን ቦታው ሞልቷል ነው የሚሉት አልኩህ፤ ደብዳቤው ሌላ ነገር ነበር የሚለው። አንተም እያመንከኝ፣ እኔም እየለመድኩት፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ሄደ።

ሆዴን አመመኝ ያልከው በፍልሰታ ጾም ነው። ጾሙ ነው አልን። ጾሙ ተፈታ፣ አንተ አልበላ አልክ። ስካን አደረጉህ፣ ከሆድህም ናሙና ወሰዱ። ውጤቱን ለመስማት ስንሄድ ነርሷ በስልክ የሚያስተረጉም የሆስፒታሉ ሰው አለ፣ እንዲያውም ደንባችን በእሱ መጠቀም ነው አለችኝ። ተከራከርኳት። ልጁ ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማስተረጉምለት እኔ ነኝ፣ ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም አልኳት። አንተ ምን እንደምንባባል ባይገባህም ስለ አንተ እንደምሟገት አውቀህ በኩራት ራስህን ትነቀንቃለህ። ነርሷ እሺ አለች። አንዳንድ ጊዜ እሺ ባትለኝ ኖሮ እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ጥፋቴን ለእሷ እያሸከምኳት መሆኑ ይገባኛል።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ወንበሯን ወደ አንተ አዙራ፣ ከእኔ ይልቅ አንተን እያየች ነው የተናገረችው። በየመሐሉ ዝም እያለች እኔን ትጠብቃለች። ሁሉንም ሰማሁ። ሁሉም ገባኝ። ወደ አንተ ዞሬ፣ ሆድህ ውስጥ ቁስለት አለ ነው የምትለው፣ መድኃኒት ይሰጡሃል፣ ዋናው ነገር መብላት አለብህ አልኩህ። ኮሪደሩ ላይ ለምትጠብቀን ለእማዬም ያንኑ ነገርኳት። አንተ «ቁስለት ብቻ!» ብለህ የነርሷን እጅ ሁለት ጊዜ ጨበጥክ።

በእኛ ዘንድ ለታማሚ አይነገርም ብዬ ላመካኝ እችላለሁ። የበሽታው ስም እንኳ አይጠራም፤ ያደግኩት በዚህ ነው። ግን አንተ ይህን ልማድ እንደምትጠላው አውቅ ነበር። እናትህ ደሴ ሲሞቱ ዘመዶች ስድስት ወር ደብቀውህ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሰብስበው ሲያረዱህ ከልቅሶህ ይልቅ የሚታወሰኝ ቁጣህ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው ሰላምታ አስላካችሁኝ አልካቸው። ጎልማሳ ሰው ነኝ፣ የእኔን ኀዘን ማን ያዝልኝ ብሏችኋል አልካቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ሰምቼ፣ ገብቶኝ፣ ጊዜው ሲደርስ ያንኑ አደረግኩብህ።

ከሁሉ የሚብሰው የንስሐ አባትህ ነገር ነው። መታመምህን ሰምተው ሊመጡ ሲሉ ቀድሜ ደወልኩላቸው። ያለውን ሁሉ ነግሬ፣ እባክዎ አባቴ ስለ ንስሐ አያንሱበት፣ መስቀልዎን ከኪስዎ አያውጡት፣ ካየ ያውቃል፣ ካወቀ ይሰበራል አልኳቸው። እሳቸው «ልጄ፣ ይሄ እኮ የእሱ ድርሻ ነው፤ ለእኔም ለአንቺም አልተሰጠም» አሉኝ። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩባቸው። መጡ፤ በተራ ካፖርት መጡ። አልጋህ አጠገብ ተቀምጠው ስለ ባሱ መዘግየትና ስለ ዝናቡ ተጨዋወታችሁ። ሊነሡ ሲሉ አንተ ራስህ አነሣኸው። አባ፣ ብዙ ዓመት አዘገየሁ፣ ለፋሲካ ንስሐ ገብቼ እቆርባለሁ አልካቸው። ፋሲካ አራት ወር ይቀረው ነበር። እሳቸው እኔን አዩኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። «እግዚአብሔር ይፍቀድ» ብለው ወጡ።

ልትሄድ አራት ቀን ሲቀርህ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የመርከቧን ፊልም አምጪልኝ አልክ። ላፕቶፑ ላይ ፈልጌ አገኘሁት፤ የመድኃኒትህን ሳህን ወደ ጎን አድርጌ ጠረጴዛህ ላይ አስቀመጥኩልህ። ለመሣቅ አቅም ባይኖርህም መርከበኞቹ ሲስሉ አንተም አብረሃቸው ሳልክ። ጉሙ ሲመጣ እጄን ልኬ፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው ብዬ ልዘጋው ስል እጄን ያዝከው። ካፒቴኑ ሾርባውን ቀዳ፤ ያን ጥቂት ቃል ተናገረ። «ምን አለ?» አልከኝ፣ ልክ እንደዚያ እሁድ። ፈቃድ ተሰጥቶት አገሩ ገባ ነው የሚለው አልኩህ። እናቱ ዘንድ ነው የገባው ወይ አልከኝ። አዎ አልኩህ። እንደሚመጣ ነግረዋታል ወይ አልከኝ። ነግረዋታል፣ እየጠበቀችው ነው አልኩህ። ዓይንህን ጨፍነህ «ተባረኪ ትርጁማኔ» አልከኝ።

ይህን የነገርኳት አንዲት ጓደኛዬ፣ በቃ፣ ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ አይጸጽትሽ አለችኝ። አውቀህ ይሆን? ብዙ አስቤበታለሁ፤ ማወቅ አልቻልኩም። አላወቅክ ከነበረ ሳትሰናዳ ሰደድኩህ። አውቀህ ከነበረ ደግሞ ይብሳል፤ እየሞትክ የእኔን ውሸት ስትጠብቅልኝ፣ ቄሱን ጥሪልኝ ብላት ታፍራለች ብለህ ስትተው ነበር ማለት ነው። የትኛው እንደሚቀለኝ አላውቅም። የትኛውም አይቀለኝም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እማዬ አጥሚት ልታሞቅልህ ኩሽና ገብታ ሳለ ሄድክ። ፍትሐቱ ላይ የንስሐ አባትህ ሲያነቡ ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ሰዉ ስለወደዱት ነው አለ።

አሁን ወደ እማዬ ዓይን ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ውጤቷን ልንሰማ ሄድን። በስልክ የሚያስተረጉም ይምጣልን ብዬ የጠየቅኩት በዚህኛው ጊዜ እኔ ነኝ። እማዬ ግን ልጄ እያለችልኝ ከማላውቀው ሰው አልሰማም ብላ እምቢ አለች። ሐኪሙ ተናገረ። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ይሞከራል፤ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ ግን የሰው ፊት መለየት ልታቆም ትችላለች። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። አባዬ፣ «ጠብታ ይሰጡሻል፣ ዋናው ነገር ዕረፍት ነው» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ፊቷ ልክ እንዳንተ ነው የሚሆነው፤ ሰው የሚያምን ሰው ፊት።

ነገርኳት። እሱ በቆመበት እየቆምኩ፣ እሱ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቂልኝ አለችኝ። ከለቅሶ የመጣ ነው ወይ? አይደለም አለ። ፊት ማየት እስከቻልኩ ድረስ ማንን ልይ ብዬ እንድመርጥ፣ ጊዜው ስንት ነው በትክክል? በትክክል አላውቅም፣ ግን አሁን ጀምሪ አለ። አመሰገነችው።

ባስ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀመጥን። ሃርልስደን ልንደርስ ስንል መስኮቱን እያየች፣ «የአባትሽ ዶክተርም እንዲህ በግልጽ ተናግራ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ነገርሽው?» አልነገርኩትም አልኳት። ለአንቺም አልነገርኩሽም አልኳት። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «መብላት አለበት ብለሽኝ እኮ፣ አልበላም ሲል ስቆጣው ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን ስቆጣው ነበር» አለች። ከዚያ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣትም። ከባስ ስንወርድ ክንዴን ይዛ፣ «ለእሱም ንገሪው። ለእኔ እንደነገርሽኝ አድርገሽ፣ ሳትቆርጪ» አለችኝ።

ሞቶ ምን ያደርግለታል ልላት ነበር። አላልኳትም፤ ለሞተ ሰው ሰላምታ ከመላክ እውነቱን መላክ ሳይሻል አይቀርም።

አባዬ፣ ይቅር በለኝ። እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ስለማውቅ ነው የሚከብደኝ። ከእንግዲህ ስለ አንተ ሰው ሲጠይቀኝ ሳይጨነቅ በሰላም አረፈ አልልም። ሳይነገረው ሄደ፣ መቁረብ ፈልጎ ሳይቆርብ ሄደ፣ ያልነገርኩት እኔ ነኝ እላለሁ። የንስሐ አባትህንም ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ነግሬያቸዋለሁ፤ በአንተ ስም የማደርገውን ነግረውኝ ጀምሬዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ አስብሃለሁ፤ የማስብህም እንደነበርከው ነው፣ ላንተ ስል አሳምሬ አይደለም።

አሁን ዶክተሯ ያለችህን ልንገርህ። እሷ እንዳለችው ነው፤ አንድም አልቀነስኩም።

«ያገኘንብህ ካንሰር ነው። ከቆሽትህ ተነሥቶ ጉበትህ ደርሷል። ቀዶ ጥገና አይሆንም፤ ያሉን መድኃኒቶችም አያድኑህም፤ ሕመሙን ግን ልናስታግስልህ እንችላለን። የቀረህ ጊዜ ሳምንታት ነው፤ ወራት ነው ብዬ ልነግርህ አልችልም። ይህን ስለምነግርህ በጣም አዝናለሁ። ልታየው የምትፈልገው ሰው ካለ፣ ልታደርገው የምትፈልገው ነገር ካለ፣ ወይም ሃይማኖትህ የሚያዝዝህ ነገር ካለ ጊዜው አሁን ነው። እኛም የምንችለውን እንረዳሃለን።»

ከዚያ እጅህን ይዛ፣ ዓይን ዓይንህን እያየች፣ «ልትጠይቀኝ የምትፈልገው ነገር አለ?» አለችህ።

የለውም ያልኳት እኔ ነኝ።

ልጅህ